የትኛው ማደንዘዣ? ለማን ጀርባ?

ሳይንስ ከሰው ኑሮ ተነጥሎ በአየር ላይ የቆመ ነገር አይደለም። አንድ መድኃኒት «ይሻላል» ሲባል፣ ለማን ይሻላል? በየት ቦታ ይሻላል? ሕመምተኛው ከዚያ በኋላስ ወዴት ይሄዳል? የሚሉት ጥያቄዎች ካልተከተሉ የተባለው ግማሽ እውነት ብቻ ነው። በዚህ እትም ይህን ነጥብ የምናነሣው ለብዙ አንባብያን እንግዳ ሊመስል በሚችል ጉዳይ ላይ ነው። ይኸውም በቀጠሮ ለሚደረግ ቀዶ ሕክምና በጀርባ በኩል በመርፌ የሚሰጡትን የማደንዘዣ መድኃኒቶች ማወዳደር ነው። ቦታው ጂዛንና የደቡብ ሳዑዲ ዐረቢያ የጠረፍ ከተሞች ናቸው፤ ሳምጣ፣ አል-ጡዋል፣ አል-ዓሪዳና አል-ዳየር። ሰዎቹም የእኛው ወገኖች ናቸው።

«ይህ የሐኪሞች ጉዳይ ነው፤ ለተማሪዎች ማኅበር መጽሔት ምኑ ነው?» የሚል እንደሚኖር እናውቃለን። በማኅበራችን ውስጥ የሕክምና፣ የነርስነትና የፋርማሲ ተማሪዎች የሆንነው ጉዳዩን ስንወያይበት የደረስንበት አቋም ግን ተቃራኒው ነው። መድኃኒቱን የሚመርጠው ሐኪሙ ነው፤ መድኃኒቱን በጀርባው የሚሸከመው ግን ስደተኛው ወዛደር ነው። የሚሸከመውም ሳይነገረው ከሆነ ጉዳዩ የሐኪሞች ብቻ መሆኑ ያበቃል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

1. ጂዛን ለምን?

ጂዛን በቀይ ባሕር ዳር፣ ከየመን ጋር በሚዋሰነው የሳዑዲ ደቡብ ምዕራብ ማዕዘን ያለች የወደብ ከተማ ናት። ከወሎ፣ ከአርሲ፣ ከሐረርጌ፣ ከጅማና ከትግራይ የሚነሣው ወጣት በጅቡቲው ኦቦክ ወይም በሶማሊያው ቦሳሶ በኩል ባሕሩን ይሻገራል። የመንን ከደቡብ እስከ ሰሜን ያቋርጣል። ከሰዓዳ ተራሮች ወርዶ ወደ ሳዑዲ ሲገባ መጀመሪያ የሚረግጠው መሬት የጂዛን መሬት ነው። ለዚህ ሰው ጂዛን የሥራ በር ናት፤ የእስር ቤትም በር ናት፤ ለስንቱም ከበሩ ሳይደርስ የቀረባት ናት።

በዚህ ጠረፍ የሆነው ነገር በአሉባልታ የሚወራ አይደለም፤ ተጽፏል። በሚያዝያ 2020 የሁቲ ኃይሎች በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን ከሰሜን የመን በኃይል ሲያባርሩ፣ ከወዲያ በኩል ደግሞ የሳዑዲ ጠረፍ ጠባቂዎች እንደተኮሱባቸው ሂውማን ራይትስ ዎች በዚያው ዓመት አስታውቋል። ካለፉት ብዙዎቹ በአል-ዳየር ታጎሩ። በጥቅምት 2020 አምነስቲ ኢንተርናሽናል ባወጣው መግለጫ፣ በአል-ዳየር፣ በጂዛን ማዕከላዊ እስር ቤትና በሌሎችም ቦታዎች የነበሩ ኢትዮጵያውያን ሁለት ሁለት እየሆኑ በሰንሰለት መታሰራቸውን፣ በተጨናነቀ ክፍል መታጎራቸውንና ወለሉን እንደ መጸዳጃ ለመጠቀም መገደዳቸውን ገለጸ።

በጥቅምት 2022 የተባበሩት መንግሥታት ልዩ መርማሪዎች ለሳዑዲ መንግሥት በጻፉት ደብዳቤ፣ በዚያው ዓመት ከጥር እስከ ሚያዝያ ባሉት አራት ወሮች ብቻ በጠረፉ እስከ 430 የሚደርሱ ስደተኞች መሞታቸውንና 650 የሚሆኑት መቁሰላቸውን የሚገልጽ አቤቱታ እንደደረሳቸው አስታወቁ። በነሐሴ 2023 ደግሞ ሂውማን ራይትስ ዎች ከመጋቢት 2022 እስከ ሰኔ 2023 የሆነውን ዘርዝሮ አወጣ። በመቶ የሚቆጠሩ፣ ምናልባትም ከዚያ እጅግ የሚበልጡ መገደላቸውን፣ ከባድ መሣሪያ እንደተተኮሰባቸው፣ ከተረፉትም አንዳንዶቹ «የትኛው እግርህ ይመታ?» ተብለው ተጠይቀው በቅርብ ርቀት እንደተመቱ መስክረዋል። የሳዑዲ መንግሥት ክሱን መሠረት የለውም ብሎ አስተባብሏል። የማስተባበያው ወረቀት ግን የተቆረጠውን እግር አያበቅልም።

እንግዲህ የእግር ቁስል ነው። እዚህ ላይ ነው የጀርባ መርፌው ጉዳይ የሚመጣው።

ደሙ ፈስሶ በድንገት የመጣ ቁስለኛ ብዙውን ጊዜ በጀርባ ማደንዘዣ አይሠራለትም። ይህ ማደንዘዣ ከወገብ በታች ያሉትን የደም ሥሮች ስለሚያሰፋ የደም ግፊትን ያወርዳል፤ ደም ያለቀበትን ሰው ሊገድለው ይችላል። ቁስሉ ከረጋና ደሙ ከተተካ በኋላ ግን ሌላ ምዕራፍ ይመጣል። የተቆረጠውን እግር ጫፍ ማስተካከል፣ በአጥንት ውስጥ የገባውን ብረት ማውጣት፣ ቁስሉን በቆዳ መሸፈን፤ እነዚህ ሁሉ ቀን ተቆርጦላቸው፣ በቀጠሮ የሚሠሩ ናቸው። በዚህ ላይ ጥይት ያልነካው ሠራተኛም አለ። ከባድ ሸክም ሲያነሣ ኖሮ በብሽሽቱ ሄርኒያ የወጣበት፣ ኪንታሮት ያሠቃየው፣ በጂዛን ሙቀት ውኃ እየጠማው ሲሠራ የኩላሊት ጠጠር የያዘው አለ። በቀዶ ሕክምና እንድትወልድ ቀጠሮ የተሰጣት እህታችንም አለች። ለእነዚህ ሁሉ የጀርባ ማደንዘዣ በዓለም ዙሪያ የተለመደ መንገድ ነው።

2. መድኃኒቶቹ

የዚህ መርፌ ታሪክ ከመጀመሪያው የወዛደር ጀርባ ታሪክ ነው። በነሐሴ 1898 ጀርመናዊው ሐኪም አውጉስት ቢየር በኪል ከተማ ኮኬይንን በጀርባ በኩል ወግቶ መጀመሪያ ያደነዘዘው ቁርጭምጭሚቱ በሳንባ ነቀርሳ የተጎዳ የ34 ዓመት የጉልበት ሠራተኛ ነበር። ቀጥሎም ቢየር ራሱና ረዳቱ ሂልደብራንት እርስ በርስ ተሞካከሩ። ከሙከራው በኋላ ቢየር በራስ ምታት ለቀናት ተኛ። ቢየር መኝታ ነበረው። ይህን ነጥብ አንባቢ ልብ ይበልልን፤ ወደኋላ እንመለስበታለን።

ኮኬይን መርዛማ በመሆኑ ሌላ ተፈለገ። በ1905 ፕሮኬይን ወጣ። በ1943 ስዊድናዊው ኒልስ ሎፍግሬን ሊዶኬይንን ሠራ። በ1957 በዚያችው በስዊድን ቡፒቫኬይን ተገኘ። ዛሬ ለዚህ ሥራ በብዛት ጎልቶ የሚታየው ይኸው ቡፒቫኬይን ነው። ብዙ ጊዜ ከግሉኮስ ጋር ተቀላቅሎ ይመጣል። ግሉኮሱ መድኃኒቱን በህብለ ሠረሰር ዙሪያ ካለው ፈሳሽ የከበደ ያደርገዋል። ስለዚህ ሐኪሙ ሕመምተኛውን በማስቀመጥ፣ በጎን በማስተኛት ወይም አልጋውን በማዘንበል መድኃኒቱ የሚፈስበትን አቅጣጫ ይመራዋል።

አሁን ወደ ንጽጽሩ እንግባ።

ቡፒቫኬይን ጥሩ ያደነዝዛል፣ ይቆያልም። እንደ መጠኑ ለሁለት ሰዓት፣ ከዚያም ለሚበልጥ ቀዶ ሕክምና ይበቃል። ጉድለቱ ከጥንካሬው የሚመጣ ነው። ቀዶው በሠላሳ ደቂቃ ቢያልቅ እንኳ እግሩ ለሰዓታት እንደ ግንድ ተጋድሞ ይቆያል፤ ሽንትም ሊከለከል ይችላል። ሽንት ፊኛው ሞልቶ ሳለ ሰውየው አይሰማውም።

ሊዶኬይን ፈጣን ነው፤ ቶሎም ይለቃል፤ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይሠራል። ለአጭር ቀዶ የተመቸ መስሎ ለብዙ ዓመታት ቆየ። በ1993 ግን የስዊስ ሐኪሞች፣ ማደንዘዣው ከለቀቃቸው በኋላ በቂጥና በጭን ላይ የሚወርድ ከባድ ሕመም ስለያዛቸው ሰዎች ጻፉ። ሕመሙ በአብዛኛው በጥቂት ቀናት ውስጥ ይጠፋል፤ ጠባሳ አይተውም፤ ነገር ግን ያሠቃያል። ኮክሬን በሚል ስም የሚታወቀው ዓለም አቀፍ የሕክምና ጥናቶች መርማሪ ማኅበር በ2019 የተደረጉትን ጥናቶች አንድ ላይ ሲመዝን፣ ይህ ሕመም በቡፒቫኬይን፣ በሌቮቡፒቫኬይን፣ በሮፒቫኬይን፣ በፕሪሎኬይንና በፕሮኬይን ከሊዶኬይን በብዙ እጥፍ ያነሰ መሆኑን አገኘ።

ሌቮቡፒቫኬይን የቡፒቫኬይን ግራ እጅ ነው ቢባል ያስኬዳል፤ አንዱ ሞለኪውል በመስተዋት እንደሚታይ ሁለት መልክ ስላለው ግራው ብቻ ተለይቶ የወጣ ነው። ሮፒቫኬይንም የቅርብ ዘመድ ነው፤ አቅሙ አነስ ያለ፣ እግርን የሚያስርበት ጊዜም አጠር ያለ ነው። እነዚህ ሁለቱ ለልብ እንደሚሻሉ ይነገራል፤ እውነትም ነው። ነገር ግን ያ ጉዳይ የሚነሣው ብዙ መድኃኒት በአንድ ጊዜ ወደ ደም ሲገባ ነው። በጀርባ ማደንዘዣ የሚሰጠው መጠን ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ሚሊግራም አካባቢ የሆነ ጥቂት ነገር ነው። ስለዚህ በዚህ ሥራ ላይ የልብን ስም ጠርቶ ውድ የሆነውን መድኃኒት ማስወደድ ከሳይንሱ ይልቅ ወደ ገበያው ያደላል። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል እንዲሉ፣ አሮጌው ቡፒቫኬይን በሚገባ ከተያዘ የሚናቅ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትም በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ለጀርባ ማደንዘዣ ያሰፈረው ቡፒቫኬይንንና ሊዶኬይንን ነው።

ፕሪሎኬይንና ክሎሮፕሮኬይን ደግሞ ሰውየው በዚያው ዕለት ተነሥቶ እንዲሄድ የሚፈለግባቸው ናቸው። ክሎሮፕሮኬይን ከሁሉም አጭሩ ነው፤ ከአርባ ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ላለ ሥራ ይበቃል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ መከላከያ ኬሚካል የተጨመረበት ክሎሮፕሮኬይን የነርቭ ጉዳት አድርሷል ተብሎ ስሙ ጠፍቶ ነበር። ያለ መከላከያ ኬሚካል ተሠርቶ በ2017 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ለጀርባ ማደንዘዣ ፈቀደው። ከላይ የጠቀስነው የ2019 ምዘና ግን ከማደንዘዣው በኋላ በሚመጣው የጭን ሕመም ረገድ ክሎሮፕሮኬይን ከሊዶኬይን የተለየ መሆኑን ሊያረጋግጥ አልቻለም።

ባጭሩ፣ ለረጅም ሥራ ቡፒቫኬይን፤ ለአጭር ሥራ ፕሪሎኬይን ወይም ክሎሮፕሮኬይን፤ እነሱ ከሌሉ መጠኑ ተቀንሶ፣ ሕመምተኛው በሚቀደደው ጎኑ ተኝቶ፣ በአንድ እግር ላይ እንዲያደላ የተሰጠ ቡፒቫኬይን። የማመሳከሪያ መጻሕፍት የሚነግሩን ይህን ነው። ትክክልም ነው። ነገር ግን በዚህ ብቻ ካቆምን ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሆንብናል።

3. በሠንጠረዡ ውስጥ የሌለው

መድኃኒቶቹ የሚወዳደሩበት ሠንጠረዥ ስንት ደቂቃ ፈጀ፣ እስከ የት አደነዘዘ፣ ግፊቱ ስንት ወረደ፣ መቼ ለቀቀ ይላል። ይህ ሠንጠረዥ አንድ ነገር ሳይናገር እንዳለ አድርጎ ይቆጥራል። ሕመምተኛው ከአልጋው ሲነሣ የሚሄድበት ቤት፣ የሚደግፈው ሰው፣ ሕመም ሲሰማው የሚደውልበት ስልክ እንዳለው ይቆጥራል። የመኖሪያ ፈቃድ የሌለው ኢትዮጵያዊ በጂዛን ከእነዚህ የትኛው አለው? ከኋላው የእስር ቤቱ ክፍል፣ ከፊቱ የመመለሻው አውሮፕላን ነው። ፈቃድ ያለውም ቢሆን፣ «ነገ ሥራ ግባ» የሚለው አሠሪው በር ላይ ይጠብቀዋል።

ይህን ይዘን ንጽጽሩን እንደገና እናንብበው። እግሩ ለሰዓታት የማይታዘዘው ሰው በአልጋ ላይ ቢሆን ምንም አይደለም፤ በመኪና ጭነው ቢወስዱት፣ በወለል ላይ ቢጥሉት ግን ሳይሰማው ይቆስላል፣ ይቃጠላል፣ ይሰበራል። ሽንት የተከለከለ ሰው ነርስ ካለችው በቱቦ ይወጣለታል፤ በተጨናነቀ ክፍል ውስጥ ግን ሥቃዩን ማን ይሰማዋል? የሊዶኬይኑ የጭን ሕመም በቤቱ ላለ ሰው የጥቂት ቀን ነገር ነው፤ ለታሰረ ሰው ግን «አስመሳይ» የሚያስብለው ነው።

ራስ ምታቱን እንውሰድ። ከመርፌው በኋላ የሚመጣው፣ ሲቀመጡ የሚብስ፣ ሲተኙ የሚቀል ራስ ምታት ከመድኃኒቱ ይልቅ ከመርፌው ጋር የተያያዘ ነው። መርፌው በቀደደው ቀዳዳ በኩል ፈሳሹ ስለሚንጠባጠብ ይመጣል። ጫፉ እንደ እርሳስ የተሾለ ቀጭን መርፌ ጎኑ ከተሳለው መርፌ ያነሰ ራስ ምታት ያመጣል። ከአረጋውያን ይልቅ ወጣቶችን ይበልጥ ይይዛል። የእኛ ስደተኛ ማን ነው? የሃያ ዓመት ልጅ ነው! ስለዚህ ለጂዛን ወገናችን ከመድኃኒቱ ስም ይልቅ የመርፌው ዓይነት የበለጠ ሊያሳስብ ይችላል። ቢየር ራስ ምታቱን በአልጋው ላይ አሳለፈው፤ እኛ የምንጠይቀው ለልጁም መኝታ እንዲኖረው ነው።

የደም ግፊቱም እንዲሁ ነው። በየትኛውም መድኃኒት ቢሆን ግፊት ይወርዳል። ውኃ ጠምቶት፣ ሲራብ የከረመ ሰውነት ላይ ደግሞ አወራረዱ ይከፋል። ለዚህ መፍትሔው መድኃኒት መቀየር ብቻ አይደለም፤ ከቀጠሮው በፊት ሰውየውን ማብላት፣ ማጠጣት፣ ደሙን መመርመር ነው። ቀጠሮ ማለትም ይህ ነው፤ ለመዘጋጀት ጊዜ ያለው ሥራ።

ከሁሉም በላይ ግን ቋንቋው ነው። ሙሉ ሰመመን የወሰደ ሰው ይተኛል፤ አይጠየቅም። በጀርባ ማደንዘዣ የሚሠራለት ሰው ግን ነቅቶ ነው። «ይህን ስነካህ ሕመም ነው ወይስ መነካት ብቻ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ በመልሱ ላይ ቢላዋው ይገባል ወይም ይቆያል። ማደንዘዣው ወደ ላይ ወጥቶ እጁ ከዛለ፣ ትንፋሹ ካጠረው መጀመሪያ የሚያውቀው እሱ ነው። ቋንቋው የማይሰማ ከሆነ ከሁሉ የተሻለው ማስጠንቀቂያ ደወል ተዘግቷል ማለት ነው። በዚህ ላይ ማንኛውም የማደንዘዣ መጽሐፍ ይህ መርፌ የማይሰጥባቸውን ሁኔታዎች ሲዘረዝር ከግንባር ከሚያሰፍራቸው አንዱ የሕመምተኛው አለመፍቀድ ነው። ያልገባው ሰው መፍቀድም አለመፍቀድም አይችልም። ዝም ማለቱ እሽታ አይደለም።

ይህን ስንል የጀርባ መርፌን ሕዝባችን እንዲፈራ ማድረጋችን አይደለም። «የጀርባ መርፌ ሽባ ያደርጋል» የሚለው ፍርሃት በአገራችን ሥር የሰደደ ነው። እውነቱ ግን በንጽሕና፣ በሠለጠነ እጅ ከተሰጠ ዘላቂ ጉዳት እጅግ ብርቅ መሆኑ ነው። ፍርሃቱ ከምንም አልመጣም። በጥቅምት 1947 በእንግሊዝ አገር በቼስተርፊልድ ሆስፒታል አልበርት ዉሊና ሴሲል ሮ የተባሉ ሁለት ሠራተኞች ለቀላል የቀጠሮ ቀዶ ገብተው፣ በአንድ ቀን በጀርባ ማደንዘዣ ሽባ ሆነው ወጡ። ከሰሱ፤ በ1954 በይግባኝም ተረቱ። በፍርድ ቤት የተሰጠው ምክንያት ዓይን በማያየው የብልቃጥ ስንጥቅ የገባ ፌኖል ነው የሚል ነበር፤ ከብዙ ዓመታት በኋላ በ1990 የቀረበው ጥናት ደግሞ በማፍያው ውስጥ የቀረ አሲድ ሳይሆን አይቀርም አለ። በእንግሊዝ አገር ይህ ማደንዘዣ ለብዙ ዓመታት ተሸሽቶ ኖረ። ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? ጥፋቱን ከመድኃኒቱ ስም ይልቅ በዙሪያው ያለው አሠራር እንደሚያመጣው ነው። እነዚያ ሁለት ሠራተኞች ቢረቱም ስማቸው፣ ቀኑ፣ የተሰጣቸው መድኃኒት በመዝገብ ስለነበረ ዓለም ከእነሱ ተማረ። በጂዛን በጀርባው የተወጋ ወገናችን ግን አገሩ ሲመለስ የትኛው መድኃኒት፣ ምን ያህል፣ በየትኛው ቀን እንደተሰጠው የሚናገር ወረቀት ከሌለው ከእሱ የሚማር የለም፤ የሚያክመውም ይቸገራል።

4. ሁለት የተሳሳቱ አመለካከቶች

አንደኛው ወገን «መድኃኒት መድኃኒት ነው፤ ፖለቲካ አታግቡበት» ይላል። ይህ አባባል ገለልተኛ ይመስላል እንጂ አይደለም። የሕመምተኛውን ኑሮ ከንጽጽሩ ያወጣ ሰው አንድ ዓይነት ሕመምተኛ ብቻ መርጧል፤ ይኸውም ቤት፣ ወረቀትና አንደበት ያለውን። ሳይንሱን የምናከብር ከሆነ በሚሰጥበት ቦታ እንዳለ እንመዝነው እንጂ ባልሆነው ሁኔታ አንመዝነው።

ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ሰው በጥይት እየተቆላ እናንተ ስለ ማደንዘዣ ዓይነት ትከራከራላችሁ? መጀመሪያ ግድያው ይቁም!» ይላል። ግድያው መቆም እንዳለበት፣ የሆነውም በነጻ አካል ተጣርቶ ተጠያቂው በሕግ ፊት መቅረብ እንዳለበት ከማንም ባላነሰ እናምናለን። በነሐሴ 2023 ከሳዑዲ ጋር በጋራ ይጣራል የተባለውም ለወላጆች በሚገባ ቋንቋ ውጤቱ ሊነገር ይገባል እንላለን። ነገር ግን ትልቁ ጥያቄ እስኪመለስ ትንሹ ይጠብቅ የሚል አመለካከት ለቁስለኛው ምንም አያደርግለትም። የቁስለኛው ቀጠሮ ለሚመጣው ሳምንት ነው። ትልቁን ጥያቄ የምናነሣው ለሰው ክብር ብለን ከሆነ፣ የሰው ክብር በመርፌው ፊትም ይጀምራል።

5. የምንጠይቀው

ስለዚህ ለሆስፒታሎች፣ ለኤምባሲያችንና ለቆንስላችን፣ በጠረፉ ለሚሠሩ የእርዳታ ድርጅቶችም የምናቀርበው ጥያቄ አምስት ነው።

አንደኛ፣ መድኃኒቱ ሲመረጥ ቀዶው የሚፈጀው ጊዜ ብቻ ሳይሆን ሕመምተኛው ከዚያ በኋላ የሚሄድበት ቦታም ይቆጠር። ለአጭር ሥራ አጭሩ ይሰጥ፤ ከሌለ የቡፒቫኬይኑ መጠን ይቀነስ።

ሁለተኛ፣ እግሩን ሳያንቀሳቅስ፣ ቆሞ ሳይራመድ፣ ሽንቱን ሳይሸና ማንም ሕመምተኛ፣ የታሰረም ቢሆን፣ ከሆስፒታል አይውጣ። በእግሩ መቆም የማይችልም ከወገቡ በታችና በፊኛው ላይ ስሜቱ መመለሱ ይረጋገጥ።

ሦስተኛ፣ በተለይ ለወጣቶች ጫፉ እንደ እርሳስ የሆነው ቀጭን መርፌ ይሰጥ። የዋጋው ልዩነት ከአንድ ሰው የሳምንት ሥቃይ አይበልጥም።

አራተኛ፣ ማንም በማያውቀው ቋንቋ ፈቅዷል ተብሎ አይወጋ። አስተርጓሚው አሠሪው ወይም ጠባቂው አይሁን፤ በእነሱ ፊት «እንቢ» ማለት አይቻልምና።

አምስተኛ፣ የመድኃኒቱ ስም፣ መጠን፣ ቀንና የደረሰ ችግር የተጻፈበት ወረቀት በእጁ ይሰጠው። ይህን ወረቀት ይዞ ቦሌ የሚወርድ ተመላሽ፣ በደሴም ይሁን በአሰላ የሚያክመውን ባለሙያ ከግምት ያድነዋል።

6. የእኛ ድርሻ

ጥያቄ አቅርቦ መቀመጥ የተማሪ ማኅበር ሥራ አይደለም። አራተኛውን ጥያቄ እኛው ልንጀምረው እንችላለን። በአንድ ገጽ ላይ፣ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በትግርኛ፣ ከጎኑም ዐረብኛው ተጽፎ፣ በቀዶ ክፍል ሊነበብ የሚችል ጽሑፍ ማዘጋጀት ነው። ከጠረፉ የሚያልፈው ወጣት በብዛት ኦሮምኛና ትግርኛ ተናጋሪም ስለሆነ በአማርኛ ብቻ የወጣ ጽሑፍ ሥራውን ግማሽ ያደርገዋል። ማንበብ የማይችል አለና በድምፅም ይቀረጽ። የአማርኛው ረቂቅ እንዲህ ይጀምራል፦

«ይህ መርፌ ከወገብዎ በታች ያደነዝዝዎታል፤ አያስተኛዎትም። ካልፈለጉ እንቢ ማለት ይችላሉ፤ ሌላ መንገድ አለ። መርፌው ሲገባ ጀርባዎን ያጉብጡ፤ አይንቀሳቀሱ። መጀመሪያ እግርዎን ይሞቅዎታል፤ ከዚያ ይከብድዎታል፤ ይህ ደኅና ነው። መነካት ሊሰማዎት ይችላል፤ ሕመም ከተሰማዎት ግን ይናገሩ። ካቅለሸለሸዎት፣ እጅዎ ከዛለ፣ ትንፋሽ ካጠረዎት ወዲያውኑ ይናገሩ። እግርዎ በሰዓታት ውስጥ ይመለሳል። እስኪመለስ ብቻዎን አይነሡ።»

«እርስዎ» ማለታችን ሆን ብለን ነው። በመንገዱ ሁሉ በደላላው፣ በጠባቂው፣ በአሠሪው ሲመናጨቅ ለመጣ ሰው፣ በራቁቱ ጀርባውን ሰጥቶ በተቀመጠበት ሰዓት አንድ ሰው በአክብሮት ቢጠራው ማደንዘዣውን አያጠነክረውም፤ ነገር ግን ሕመሙን እንዲናገር ያደፋፍረዋል። ሕመሙን የሚናገር ሕመምተኛ ደግሞ ከማንኛውም መሣሪያ የበለጠ ለሐኪሙ ይጠቅማል።

ስለዚህ በየዩኒቨርሲቲው ያላችሁ ወገኖች፣ የሕክምና ተማሪዎች ጽሑፉን መርምሩ፤ የቋንቋ ተማሪዎች ትርጉሙን አቃኑ፤ ዐረብኛ የምታውቁ ዐረብኛውን አስተካክሉ፤ የሕግ ተማሪዎች ስለ ፈቃድና ስለ አስተርጓሚ ያለውን ሕግ አውጡልን። ጽሑፉ በየማኅበሩ ስብሰባ ላይ ተነብቦ ይተችበት። የተቃናው ወደ ጂዛን የሚደርስበትን መንገድ ማኅበራችን ይፈልግ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ አንድ ገጽ ወረቀት ብቻውን ጠረፉን አይከፍትም፤ በብዙ እጅ ተሠርቶ ከደረሰ ግን በአንድ አልጋ ላይ ለተቀመጠ አንድ ወገን አንደበቱን ይመልስለታል።

የትኛው መድኃኒት ይሻላል? ብለን ነበር የጀመርነው። ሕመምተኛው ስሙን ያወቀው፣ ሰዓቱን የተነገረው፣ እስኪለቀው የተጠበቀለት መድኃኒት ይሻላል። ከዚህ ውጭ ያለው ምርጫ ሁሉ፣ የቱንም ያህል አዲስና ውድ ቢሆን፣ የወገናችንን እግር ከማደንዘዝ አልፎ አፉንም የሚያደነዝዝ ነው።

የስደተኛው ወዛደር ክብር ይጠበቅ!